ጃንጥላዋን ለቅሶ የላከችው በቅሎ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። እዚያ ጥግ ያለኸውም፣ በእጅህ የያዝከውን ነገር አስቀምጥና ና። ካልመጣህም ግድ የለኝም፤ ተረቱ ስለ አንተ ስለሆነ ሌሎቹ ይነግሩሃል።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። እንስሳ እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ዕቃም እንደ ባለቤቱ በሚኩራራበት ዘመን፣ ሣር አምባ የሚባል የእንስሳት ሰፈር ነበረ። በሣር አምባ በሬ አለ፣ ላም አለች፣ አህያ አለ፣ ፍየል አለ፣ በግ አለ፣ ፈረስም አለ። ሁሉም ደኸዮች ናቸው። ድህነቱን ግን ለምደውታል። የሚያሳፍራቸው ሌላ ነገር ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት እግሩ በጠፍር ይታሰርና እየተጎተተ ገደል አፋፍ ላይ ይጣላል። ሲመሽ ጅብ ይመጣል፤ ሲነጋ አጥንት ይለቀማል። ዕድሜ ልኩን ሲያርስና ሲሸከም የኖረ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡና "እስከ መቼ ነው የጅብ ራት የምንሆነው?" ተባባሉ። ተባብለውም አልቀሩ፣ እድር አቋቋሙ። የእድሩ ሕግ አጭር ነበር። የሞተ አይጎተትም፤ በቃሬዛ ሆኖ በትከሻ ይሄዳል። ጉድጓዱ ጅብ ቆፍሮ እስከማይደርስበት ድረስ ይጠልቃል። ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል፤ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ያልታየ አባል፣ የእሱ ቀን ሲመጣ ማንም አይደርስለትም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጅብ ከሳ። ገደል ውስጥ ካለው ዋሻው ብቅ ይልና ቀብሩን ከሩቅ እያየ ምራቁን ይውጣል። ሲመሽ ይመጣና ይቆፍራል። ቢቆፍር፣ ቢቆፍር አይደርስም። ጎኑ እየተቆጠረ ወደ ዋሻው ይመለሳል።

ከዚያ ሀብት መጣ። ወንዙ ተጠለፈና መስኖ ገባ፤ በዓመት አንዴ የሚታጨደው ሣር ሦስቴ ይታጨድ ጀመር። መንገድ ወጣ፣ ነጋዴ መጣ። የሣር ጣራ ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ፤ ቆርቆሮው ሳይዝግ ፎቅ ተሠራ። በሩ ብረት፣ መስኮቱ መስታወት፣ ወለሉ ምንጣፍ ሆነ። የእድሩ ዳኛ አያ ቦራ፣ ያ በሬ፣ ባርኔጣ ገዛ። ባርኔጣው በቀንዱ አላልፍ ሲለው ባርኔጣውን የሚመልስ መሰላችሁ? ቀንዱን አስቆረጠ። እኔ ምን ልበል እንግዲህ።

ከሁሉም ከሁሉም የከበረችው ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ነበረች። በቅሎ ናት። ፎቋ ከሁሉም ይረዝማል፤ ሶፋዋ ላይ ስትቀመጥ ትሰምጣለች፤ ኮቴዋን በሳምንት ሁለቴ በቀለም ታስቀባለች። መሬት የምትረግጠው እየተጸየፈች ነው፤ መሬት ምን እንዳደረጋት እንጃ። አንድ ነገር ግን አልክዳትም፤ እናቷን ትወዳለች። እናቷ እሜቴ ይርገዱ ያረጁ ባዝራ ናቸው። ጥርሳቸው አልቋል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ፀሐይ በምትገባበት ክፍል ምንጣፍ ላይ ተኝተው ይውላሉ። ልጅቷ በየጠዋቱ ገብታ በአፏ ጋማቸውን ታበጥርላቸዋለች። ሌላ ማንንም እንዲህ ነክታ አታውቅም።

አንድ ቀን እሜቴ ይርገዱ "ልጄ፣ ፎቅም ሶፋም አልለምንሽ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ" አሉ።

"ምንድነው እማዬ?"

"እናቴን በጠፍር ሲጎትቷት አይቻለሁ። ሕፃን ነበርኩ፤ ከኋላ ከኋላዋ ስሮጥ ራሷ ድንጋይ ለድንጋይ ሲማታ ይሰማኝ ነበር። እኔን እንደዚያ እንዳታደርጊኝ። በትከሻ ልሂድ።"

"በትከሻ ነዋ፤ ያውም ከፋይ ጨርቅ ለብሰሽ!"

"ከፋዩን ተዪው። ትከሻውን ነው ያልኩሽ።"

"እሺ እማዬ፤ ቃሌ ነው" አለችና ጋማቸውን ማበጠሯን ቀጠለች።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀን የአህያው የጫኔ ሚስት ሞተች። ጥሩምባው በየደጁ እየዞረ ተጣራ። "እድርተኛ ሁሉ ስማ! የጫኔ ባለቤት አርፋለች! ቀብር ዛሬ ነው፤ ዶማና አካፋ ይዘህ ውጣ!"

ወርቅያንጥፉ ኮቴዋን ተቀብታ ገና አልደረቀላትም። ከበሩ ኋላ የተሰቀለችው ጃንጥላዋ፣ ያቺ ዘርፏ የወርቅ የሆነው፣ እመቤቷ ፊቷን ስታጨማድድ አየችና ተቁነጠነጠች። ከተገዛች ጀምሮ ብቻዋን አደባባይ ወጥታ አታውቅም፤ መታየት አምሯታል።

"እመቤቴ፣ ለምን ይደክማሉ?" አለች። "ጭቃ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ የአህያ ለቅሶ ነው። እኔ ልሂድልዎት።"

"አንቺ? ጃንጥላ ለቅሶ ትደርሳለች?"

"ሰው እርስዎን የሚያውቅዎት በማን ሆነና? በእኔ አይደለም? እኔ ፍራሹ ላይ ካለሁ እርስዎ አሉ ማለት ነው። ሕጉስ ቢሆን 'ፍራሽ ላይ መታየት' አይደል የሚለው? እኔ እታያለሁ። እንዲያውም ከእርስዎ ይልቅ እኔ እታያለሁ።"

ወርቅያንጥፉ ለአፍታ አሰበች። ጫኔ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ፎቋ ሲሠራ ድንጋዩን ያመላለሰው እሱ ነበር። ግን ኮቴዋ አልደረቀም። "በይ ሂጂ" አለች።

ጃንጥላዋ ሄደችና ፍራሹ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። አያ ቦራ በወጉ ስም መጥራት ጀመረ።

"ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ!"

"አለች" አለች ጃንጥላዋ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ቦራም ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ የወርቁን ዘርፍ አየ። አፉን ዘጋና ቀጣዩን ስም ጠራ። አያችሁ፣ ያቺን የቁጣ ቃል ያኔ ቢናገራት ኖሮ ተረቴ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አልተናገራትም። ጉድጓዱ የአንድ ቆፋሪ ያህል አጠረ፤ ከጫኔ በቀር ልብ ያለ የለም። ጫኔም ሐዘንተኛ ነው፣ ምን ይላል? "ጃንጥላሽን አየኋት፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ላከባት። እሷም "አየሽ" አለቻት ጃንጥላዋን፣ "ደስ ብሎታል።"

ዓመት ሳይሞላ የፍየሏ የእትዬ ብርቄ ባል ሞተ። ጥሩምባው ተነፋ። በዚህ ጊዜ አያ ቦራ መስታወት ፊት ቆሞ ባርኔጣውን እያስተካከለ ነበር። "ወርቅያንጥፉ ጃንጥላ ከላከች እኔ ባርኔጣ ብልክ ምን ይለኛል? የእድር ዳኛ ከበቅሎ ያንሳል እንዴ?" አለ። ባርኔጣው ሄደ። በጉ ካፖርቱን ላከ። ላሚቱ ቦርሳዋን ላከች። ለቅሶ ቤቱ ግማሹ ትንፋሽ ያለው፣ ግማሹ ዕቃ ሆነ።

ዕቃዎቹም ቅሬታ ነበራቸው። "ይኼ ፍራሽ ያቆሽሻል" አለች ጃንጥላዋ። "ቁንጫም አለው" አለ ካፖርቱ። "የሰው ልክ ይታወቅ እንጂ" አለ ባርኔጣው። በሚቀጥለው ስብሰባ እድሩ ፍራሾቹን ጥሎ ባለ መደገፊያ ወንበር ገዛ። የዶማ እጀታ ተሰብሯል ብሎ አንዱ ቢናገር "እሱ ይደረስበታል" ተባለ። የእትዬ ብርቄ ባል ጉድጓድ እስከ ጉልበት ብቻ ነበር። እሷ አፈሩን እያየች "ትንሽ ጨምሩበት" ብላ ለመነች፤ ማን ይጨምር? ባርኔጣ አፈር አይዝቅም።

ሦስተኛው ሟች በጉ ራሱ ነው፤ ያ ባለ ካፖርቱ። አሁንማ ከሁለት በቀር ዕቃ የማይልክ የለም። እድሩም ከዘመኑ ጋር ሄዷል። ድንኳኑ ባለ መጋረጃ ነው፤ ንፍሮው በሸክላ ሳሕን ይቀርባል፤ የሚበላው ግን የለም። ጥሩምባው ሳይቀር በብር ተለብጧል፤ ብሩ እንዳይሰነጠቅበት እየሰጋ የሚነፋው በሹክሹክታ ነው። በአካል የመጡት ጫኔና እትዬ ብርቄ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ምን ያህል ይቆፍራሉ? ጉድጓዱ ገባ እንኳ ሳይል በጉን አፈር አለበሱት። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጌታው ሲቀበር እያየ፣ "ድንኳኑ ግን አምሯል" አለ።

በማግስቱ መቃብሩ ተከፍቶ ተገኘ። ከበጉ የቀረ ነገር የለም። ጅብ ከስንት ዓመት በኋላ ጠግቦ በላ።

እድሩ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። "ጅቡ ድንኳኑን ነክቶታል?" ብሎ ጠየቀ የቦራ ባርኔጣ።

"አልነካውም።"

"ወንበሮቹንስ?"

"ደህና ናቸው።"

"እንግዲያው ምኑ ነው አስቸኳይ የሆነው?" አለና ስብሰባው ተበተነ።

ወርቅያንጥፉ ይህን ከጃንጥላዋ ስትሰማ እናቷ ወደተኙበት ክፍል ሄዳ አየቻቸው። ተኝተዋል፤ ይተነፍሳሉ። "የእኔማ ሌላ ነው" አለች ለራሷ። "እኔ ማን ነኝ? የእኔ እናት ስትሞት የማይወጣ የለም።" ይህን ብላ ተጽናናች። ባዶ ነገር የሚያጽናናው ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

አንድ ጠዋት ጋማቸውን ልታበጥር ስትገባ እሜቴ ይርገዱ ቀዝቅዘው አገኘቻቸው። አንገታቸው ላይ አንገቷን ጥላ አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ኮቴዋ የተቀባ ይሁን ያልተቀባ ትዝ አላላትም። ከዚያ ተነሥታ ጥሩምባውን አስነፋች። እሱም በዚያ በብር አፉ "እሜቴ ይርገዱ አርፈዋል" ብሎ ሹክ አለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ መጋረጃው ተጋረደ፣ ወንበሩ ተደረደረ። ሬሳው ከፋይ ለብሶ ቃሬዛ ላይ ሆነ። ወርቅያንጥፉ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።

መጡ። ባርኔጣው መጣ። የእትዬ ብርቄ ሻሽ መጣች። ቦርሳ መጣች። ካፖርቱም ጌታ ባይኖረው ከልማዱ አልቀረም፣ መጣ። የጫኔ ከዘራ መጣ። ሁሉም ወንበር ወንበራቸውን ይዘው ተቀመጡ። የእሷ ጃንጥላ እንደ ባለቤት መሃል ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትቀበላለች።

"ባለቤቶቻችሁስ?" አለች ወርቅያንጥፉ።

"አሉ" አሉ ዕቃዎቹ በአንድ ድምፅ።

"የት አሉ?"

"ይኸው፣ እኛ።"

ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከገደሉ በኩል ግራጫ ነገር እየመጣ ቁጭ ሲል ታያት። ጅብ ነው፤ እየጠበቀ ነው። ወርቅያንጥፉ ኮቴዋን አንሥታ ሮጠች። ወደ አያ ቦራ ቤት ሄደች። የብረቱን በር መታች። ቦራ በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ቀንድ የለ፣ ባርኔጣ የለ፣ ራሱ ባዶ ነው።

"አያ ቦራ፣ እናቴን የሚያነሣ ትከሻ አጣሁ። እባክህ ና።"

"ባርኔጣዬ አልደረሰም እንዴ?"

"ደርሷል። ባርኔጣ ቃሬዛ ያነሣል?"

"ወርቅያንጥፉ" አለ ቦራ፣ "ባርኔጣዬ የት ነው የማይበቃው? የምክር ቤት ስብሰባ በእሱ ነው የምሳተፈው፤ ክርስትና በእሱ ነው የማነሣው። የአንቺ እናት ከዚያ ትበልጣለች? አታሳፍሪኝ እንጂ።" መስኮቱን ዘጋ።

ወደ እትዬ ብርቄ ሄደች። ፍየሏ በሩን ገርበብ አድርጋ በቀዳዳው አየቻት።

"እትዬ ብርቄ፣ አንቺ እንኳ ሐዘን ታውቂያለሽ። ድረሽልኝ።"

"ሻሼን ልኬልሽ የለ? ጥቁሯን ነው የላክሁልሽ፣ ደህናዋን። ለባሌ ቀብር ጃንጥላሽን ላክሽልኝ፤ ትዝ ይልሻል? ከጉልበት በላይ አልቆፈሩለትም። አንዲት ቃል አልተናገርኩሽም። አሁንም አልናገርሽም። ሻሿን በደህና መልሽልኝ።"

የቀረው ጫኔ ነበር። ደጁ ላይ አገኘችው። ፎቅ የለውም፤ ሀብት ለእሱ የመጣለት ባንድ ከዘራ ብቻ ነው። ወርቅያንጥፉ በሕይወቷ ተንበርክካ አታውቅም፤ ያን ቀን ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"አያ ጫኔ፣ ጥፋቴን አውቃለሁ። ሚስትህ የሞተች ቀን አልመጣሁም። በእኔ ጥፋት እናቴን ጅብ አያግኛት። ከአንተ በቀር የምጠጋበትም የምለምነውም የለኝም።"

ጫኔ ጥሩ አህያ ነበር። ድሮ ቢሆን ሳትጨርሰው ይነሣ ነበር። ነገር ግን የብዙ ዓመት ዝምታ ልቡን አጥቁሮበታል። "ሚስቴን ስቀብር ካንቺ ጃንጥላ ጎን ባዶ ቦታ ነበረ" አለ። "ከዘራዬን እዚያ አስቀምጪልኝ። ይተዋወቁ።" ፊቱን አዙሮ ገባ።

ተመለሰች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ድንኳኑ ውስጥ ዕቃዎቹ ስለ መጋረጃው ያወራሉ። "ስለ እግዜር ብላችሁ" አለቻቸው፣ "እናንተስ? አንዳችሁ አንድ ጫፍ ያዙልኝ።"

"እኔ ራስ ላይ ነው የምውለው" አለ ባርኔጣው። "ሬሳ ሥር አልገባም።"

"እኔ ባዶ ነኝ" አለች ቦርሳዋ። "ላምዬ ጠረኗን እንጂ ጉልበቷን አልሰጠችኝም።"

ጃንጥላዋን ዞር ብላ አየቻት። "አንቺስ? የኔው ነሽ።"

"እመቤቴ፣ ዝናብ ቢመጣ እዘረጋለሁ" አለች ጃንጥላዋ። "ዝናብ ግን አልመጣም።"

ወርቅያንጥፉ የእድሩን ዶማ ፈለገች፤ ዝጎ እጀታው ወልቋል። በኮቴዋ ትቆፍር ጀመር። ቀለሙ ተላጠ፣ ኮቴዋ ተሰነጠቀ፣ ደሟ ወጣ። የቆፈረችው ጉድጓድ ዶሮ እንኳ አይቀብርም። ጠፍሩን አሰበች። አስራ ብትጎትታቸው ሌላ ቦታ ልታደርሳቸው ትችል ነበር፤ ጉልበቷ አያንስም። ግን የእናቷ ቃል ትዝ አላትና ጠፍሩን መንካት አቃታት። እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች።

"እግዜር ያጥናዎት" የሚል ድምፅ ሰማች።

ቀና ስትል አያ ጅቦ ባዶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። እግሩን አነባብሯል፣ ራሱን ዝቅ አድርጓል። ከእሱ ያማረ ለቀስተኛ ያን ቀን አልታየም።

"አንተን ማን ጠራህ?" አለች።

"ጥሩምባው ነዋ። የእኔ ዋሻ መስኮቱ መስታወት የለውም፤ በሹክሹክታም ቢሆን ይሰማኛል።" ወንበሮቹን አንድ በአንድ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። "ይኼ ሁሉ ሰው የሚልከው አለው። እኔ ምስኪን የምልከው ዕቃ የለኝም፤ ራሴን ይዤ መጣሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዕቃው ሲመጣ በእግሩ የመጣ እኔ ብቻ መሆኔ አያሳዝንም?"

ከኋላው ሦስት ወንድሞቹ ገቡ። አራቱም በቃሬዛው አራት ማዕዘን ቆሙ።

"ቃሬዛ አራት ትከሻ ነው የሚፈልገው" አለ አያ ጅቦ በትሕትና። "እኛ አራት ነን። በትከሻ ልሂድ ብለው ነበር አይደል? ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"አትንኳት" ብላ ጮኸች ወርቅያንጥፉ። ዘላ አንዱን ረገጠችው። የበቅሎ እርግጫ ቀላል አይደለም፤ ጅቡ ሦስት ክንድ ርቆ ወደቀ። ተነሣና አቧራውን አራግፎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ሐዘን ነው፤ አይፈረድባትም" አለ አያ ጅቦ።

"እመቤቴ፣ ምነው?" አለች ጃንጥላዋ ደንግጣ። "ሰው ያያል እኮ!"

ማን ነበር የሚያየው? በዚያ ድንኳን ውስጥ ከእሷና ከጅቦቹ ሌላ ዓይን ያለው ፍጥረት አልነበረም። እንደገና ረገጠች፤ እንደገና ተነሡ። የተሰነጠቀው ኮቴዋ ከዳትና ወደቀች። ጅቦቹ ቃሬዛውን በትከሻቸው አነሡ። በቀስታ፣ በሥርዓት፣ አንዱ ካንዱ እግሩን እያስተካከለ፣ እሜቴ ይርገዱን ከፋይ እንደለበሱ ወደ ገደሉ ወሰዷቸው። ወርቅያንጥፉ እያነከሰች "እማዬ፣ እማዬ" እያለች እስከ አፋፉ ተከተለቻቸው። ከዚያ በኋላ የሰማችውን ድምፅ አልነግራችሁም። እሷ እስከ ዕለተ ሞቷ ስትሰማው ኖራለች።

ሠልስት ሲሆን እድሩ ተሰበሰበ። ማለቴ፣ ዕቃዎቹ ተሰበሰቡ። ወርቅያንጥፉ ግን በአካል መጣች። ጃንጥላዋን ቤት ትታት ነበር፤ ጃንጥላዋ ቀድማ ደርሳ መሃል ላይ ተቀምጣለች።

ባርኔጣው ስብሰባ ከፈተ። "እንደምታውቁት ቀባሪ ተቸግረናል። ባለፈው ግን በጎ ፈቃደኛ ጎረቤቶች አይተናል። ያለጥሪ መጡ፣ ያለክፍያ ተሸከሙ፣ ወንበራችንን አላጎደሉም። ከእንግዲህ ሸክሙንም ቁፋሮውንም እነ አያ ጅቦ ይውሰዱልን ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

"እናቴን በሏት እኮ" አለች ወርቅያንጥፉ። "ገደል ወስደው በሏት። እኔ እዚያ ነበርኩ።"

"እኛም ነበርን" አለ ባርኔጣው። "ያየነው በትከሻ ሲሄዱ ነው። ሕጉ በትከሻ ነው የሚለው፤ በትከሻ ሄዱ። ስለ ሌላው ያየ አለ?"

"የለም" አሉ ካፖርቱ፣ ሻሿ፣ ቦርሳዋና ከዘራው። "የለም" አለች ጃንጥላዋ፣ ከሁሉም ጮክ ብላ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወርቅያንጥፉ ከድንኳኑ ወጥታ በየቤቱ ዞረች። በየመስኮቱ ቆማ ጮኸች፤ "እናቴን ለጅብ ሰጣችኋት! ራሳችሁን ለጅብ ሰጣችሁ!" አለች። መስታወቱ ወፍራም ነው። ቦራ ከውስጥ ሆኖ አፏ ሲንቀሳቀስ አየና፣ ሰላም ያለችው መስሎት የፊት እግሩን አወዛወዘላት። ብርቄ መጋረጃዋን ዘጋች። ጫኔ አልወጣም።

የዚያ ሰፈር ሰው ከዚያ በኋላ ሀብታም ሆኖ ኖረ፤ ድንኳኑም ሁለት ፎቅ ሆነ ይባላል። ጅቦቹ ወፈሩ። ወርቅያንጥፉ በቅሎ ናት፣ ልጅ የላትም፤ በፎቋ ላይ ብቻዋን ቀረች። አያ ጅቦ ግን ደግ ጎረቤት ነው። በየጠዋቱ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ቆም ይላል። ባርኔጣ ገዝቷል፤ ያነሣላታል።

"እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ? ጤናዎ ዛሬስ እንዴት ነው?"

ተረቴ ይኸው ነው። ለጎረቤቱ ሐዘን ዕቃውን የሚልክ ሁሉ ይወቀው፦ የእሱ ቀን ሲደርስ በእግሩ የሚመጣለት ሊበላው የሚፈልግ ብቻ ነው።